የፈቃድ ታሪክ በፎቶግራፍ ውስጥ፦ ቤተ መንግሥቱ፣ የዳንግላው ቆንስልና ዓባይ



ለዛሬው ሕዝባዊ ገለጻ የመረጥሁት ርእስ ስለ አሮጌ ፎቶግራፎች ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ጉዳዬ ካሜራው ሳይሆን ካሜራው ከመከፈቱ በፊት የሚሰጠው ወይም የሚነፈገው ፈቃድ ነው። የውጭ አገር መልእክተኛ በቤተ መንግሥት ደጃፍ፣ በወንዝ ዳር ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሞ ፎቶግራፍ ሲያነሣ የፈቀደለት ማን ነው? ፎቶግራፍ የተነሣው ሰውስ ተጠይቋልን? የጉዞው ስንቅ ከማን ጎተራ ወጣ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የቀረቡለት አሮጌ ፎቶግራፍ ለዓይን ከሚያሳየው የበለጠ ይናገራል። ካልቀረቡለት ግን የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄውን በዳንግላ ማንሣት ተገቢ ነው። የብሪታኒያ መንግሥት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የተቀመጠው በዚህች ከተማ ነው። ከዳንግላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጣና፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሰከላና ግሽ ዓባይ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ የሱዳን ጠረፍ ይገኛሉ። ስለዚህ ቆንስሉ በዚህ ስፍራ መቀመጡ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ሐይቁን፣ ምንጩንና ጠረፉን በበቅሎ መድረስ ይቻል ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ ሥራ ውጤት የሆነው መጽሐፍ፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ጥቁር ዓባይ የተጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በለንደን ታተመ። መጽሐፉ በካርታና በፎቶግራፍ የታጀበ ነው። በዚያው ዓመት የብሪታኒያ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በዓባይና በጣና ላይ ስላደረገው ጥናት ሜዳልያ ሸለመው።

የቺዝማንን ሥራ በትክክል ለመመዘን ግን ከእርሱ በፊት የነበሩትን ማየት ያስፈልጋል። የውጭ ሰዎች በኢትዮጵያ ያነሡአቸውን ፎቶግራፎች እኔ በሦስት ዘመን እከፍላቸዋለሁ። መለያዬ የካሜራው ዓይነት አይደለም፤ ፈቃዱ በማን እጅ እንደነበረ ነው። የመጀመሪያው የመቅደላ ዘመን ነው፤ ፈቃድ አልተጠየቀም። ሁለተኛው የአዲስ አበባ ግቢ ዘመን ነው፤ ፈቃዱ በንጉሡ እጅ ነበር። ሦስተኛው የዳንግላ ዘመን ነው፤ ፈቃዱ ወረቀት ሆነ።

ከመቅደላ ልጀምር። በ1860 ዓ.ም. በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ አድካሚ ሥራ ነበር። የመስታወት ሰሌዳው በመድኃኒት ይቀባል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ሳይደርቅም በጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት። ድንኳኑ፣ መስታወቱ፣ የመድኃኒት ጠርሙሱና ውኃው በእንስሳት ጀርባ ተጭነው ተራራ ወጡ። ዋና ሥራቸው የመንገድ ካርታና የጦር ንድፍ ማባዛት ቢሆንም የሰፈሩን፣ የአምባውንና የሰዎችን ምስል አስቀርተዋል።

በዚያ ዘመን የተነሡት ፎቶግራፎች በድል አድራጊ ፈቃድ የተነሡ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰውተዋል፤ ቤተ መንግሥታቸውና ንብረታቸው በወራሪው እጅ ነበር። እምቢ የሚል ባለቤት አልነበረም። ልዑል ዓለማየሁ ገና በሰባት ዓመት ዕድሜው ከአገሩ ተወስዶ በእንግሊዝ አገር በዝነኛዋ ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። የዚያን ልጅ ዓይን ያየ ሁሉ ኀዘኑን ይናገራል። እኔ ግን ከኀዘኑ ጋር አንድ ሌላ ነገር አያለሁ፤ ስለ እርሱ «አይሆንም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው በአጠገቡ እንዳልነበረ አያለሁ።

ከመቅደላ ሌላ አንድ ልጅ መጥቀስ ይገባኛል፤ ወደ ኋላ ስለምንመለስበት። በጦርነቱ ወቅት አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ፤ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። ልጁ አድጎ ሐኪም ሆነ። ይህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ ኋላም አዛዥ ወርቅነህ ናቸው።

ሁለተኛው ዘመን የሚጀምረው ከዓድዋ በኋላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል የአውሮፓን መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1897 ብቻ በላጋርድ የተመራው የፈረንሳይ ልዑክና በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ተከታትለው ገቡ። ከፈረንሳዩ ልዑክ ጋር የመጣው ሲልቫን ቪኜራስ በዚያው ዓመት ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ራሱ ባነሣቸው ፎቶግራፎች መነሻነት የተሠሩ ሥዕሎች ያሉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በማርሴይ የአሜሪካ ዋና ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር የመጀመሪያውን የአሜሪካና የኢትዮጵያ የንግድ ውል ሊዋዋል መጣ፤ እርሱም በኋላ በፎቶግራፍ የታጀበ መጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1905 በፍሪድሪክ ሮዘን የተመራው የጀርመን ልዑክ ደረሰ። ውሉ በየካቲት 1897 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ልዑኩ በጎጃምና በጣና በኩል ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ተጓዘ፤ የመሪው ወንድም ፌሊክስ ሮዘንም የጉዞውን ታሪክ ከብዙ ፎቶግራፎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1907 አሳተመ።

እነዚህ መልእክተኞች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ በግቢው በር ላይ ጠብቀዋል። የዐፄ ምኒልክ ግቢ እልፍኝና አዳራሽ፣ የግብሩ ሥርዓት፣ የመኳንንቱ አለባበስ፣ ሁሉም ለካሜራ የሚታየው ንጉሡ ሲፈቅዱ ነበር። ንጉሡም የምስልን ጉልበት ያውቁ ነበር። መልካቸው በገንዘባቸው ላይ ተቀርጿል፤ በደብዳቤ ቴምብራቸው ላይ ታትሟል። በኋላም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ አገልግሏል፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ተላልፏል። ስለዚህ የግቢውን ፎቶግራፎች ስናይ አንድ ጉጉ እንግዳ ያያትን አገር ብቻ እያየን አይደለም። አንድ ንጉሠ ነገሥት ለአውሮፓ ሊያሳዩ የወደዱትን አገርም እያየን ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ለማስረዳት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ልሻገር። የኮሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1882 ከአሜሪካ ጋር ውል ከተዋዋለ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ልዩ ልዑክ ወደ ዋሽንግተን ላከ። ፐርሲቫል ሎውል የተባለ አሜሪካዊ የልዑኩ ጸሐፊና አማካሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሥራውን ፈጽሞም የንጉሡ እንግዳ ሆኖ ክረምቱን በሴኡል አሳለፈ። ይዞት የሄደው ካሜራ የከተማዋን፣ የቤተ መንግሥቱንና እ.ኤ.አ. በ1884 የንጉሥ ጎጆንግን የራሳቸውን ምስል አስቀረ። ጎጆንግ በሦስት ኃያላን መካከል የነበረች አገር ንጉሥ ነበሩ፤ ቻይና፣ ጃፓንና ሩሲያ ዓይናቸውን ጥለውባታል። በባዕድ ካሜራ ፊት መቀመጣቸውን እኔ የማነበው እንደ አንድ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው። «ይህች አገር ንጉሥ አላት፤ ንጉሡም ይህ ነው» የሚል መልእክት ነበረው።

መልእክቱ አገሪቱን አላዳናትም። ጃፓን ኮሪያን እ.ኤ.አ. በ1910 ጠቀለለች፤ ከዋናዎቹ ቤተ መንግሥታት አንዱ የሆነው የግዮንግቦክጉንግ አብዛኛው ሕንጻ ፈረሰ፤ በግቢው ውስጥም የቅኝ ገዢው መሥሪያ ቤት ተገነባ። ኮሪያውያን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያንን ቤተ መንግሥት መልሰው ሲሠሩ ያ መሥሪያ ቤት ፈረሰ፤ ከተረፉት ሰነዶች መካከልም አሮጌ ፎቶግራፎች ዋጋቸው ታየ። ንጉሡ የፈቀዱት ምስል ንጉሡ ያላሰቡትን አገልግሎት ሰጠ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ለዳንግላው ታሪክም ያስፈልገናልና።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዘመን እንግባ። ቺዝማን ኢትዮጵያ በገባበት በ1925 በጀርመን አገር ላይካ የተባለችው ትንሽ የጥቅል ፊልም ካሜራ ለገበያ ቀረበች። ላይካን የጠቀስሁት የዘመኑን አካሄድ ስለምታሳይ ነው። ካሜራ ከድንኳን ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ ኪስ እየገባ ነበር። በመቅደላ ጊዜ አንድ ምስል ለማግኘት ብዙ ጭነት ያስፈልግ ነበር፤ የሚነሣውም ሰው ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት። ለመቆም ደግሞ ቢያንስ ማወቅ አለበት። ካሜራው ሲቀል ግን ሰው ሳያውቅ መነሣት ቻለ። መንገደኛው በቅሎው ላይ እንዳለ ባለ ቀንበሩን፣ ውኃ ቀጂዋን፣ ባለ ታንኳውን ማንሣት ይችላል። የመሣሪያው መቅለል ፈቃዱን ከሚነሣው ሰው ላይ አነሣው።

ፈቃዱ ወዴት ሄደ? ወደ ወረቀቱ ሄደ። በዚያ ዘመን የውጭ ሰው በኢትዮጵያ የሚንቀሳቀሰው በይለፍ ደብዳቤ ነበር። ጎጃምን እስከ 1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ በኋላ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ገዝተዋል። ከጣና ማዶ ያለው በጌምድር ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት እስከሞቱበት ቀን ድረስ በራስ ጉግሣ ወሌ እጅ ነበር። ስለዚህ አንድ ሐይቅ ሁለት የፈቃድ በር ነበረው፤ ከሁለቱም በላይ አዲስ አበባ አለች። በዘመኑ ልማድ የመንግሥት እንግዳ የሆነ መንገደኛ ባልደረባ ይመደብለታል፤ ባልደረባው መንገድ ያሳየዋል፤ የሚናገረውንና የሚያየውንም ይከታተላል። ለእንግዳው ድርጎ ይታዘዝለታል። ድርጎው እንጀራ፣ በግ፣ ማር፣ ለእንስሳቱም ገብስ ነው። ትእዛዙ ከላይ ይወርዳል፤ እንጀራው ግን የሚወጣው ከገበሬው ጓዳ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች እዚህ ላይ በግልጽ ይለያያሉ። የሚፈቅደው ራስ ነው። የሚነሣው ገበሬው፣ ካህኑ፣ በቅሎ ነጂው ነው። የሚከፍለው ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለው መንደር ነው። በአዲስ አበባው ግቢ የሚፈቅደውና የሚነሣው አንድ ሰው፣ ንጉሡ ራሳቸው፣ ነበሩ። በዳንግላ ዘመን ግን ተለያዩ። የዛሬው ገለጻዬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ የካሜራው መሻሻል ለባለሥልጣኑ ፈቃድ የመስጠት ኃይሉን ሲተውለት፣ ለተራው ሰው እምቢ የማለት ዕድሉን ቀነሰበት።

ቺዝማን ራሱ ምን ዓይነት ሰው ነበር? በአንድ ቃል የሚገለጽ አይደለም። ከዳንግላ በፊት በኢራቅ የብሪታኒያ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው የሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ነበር፤ ስለ ዓረብ ምድረ በዳ ጉዞውም መጽሐፍ ጽፏል። የአእዋፍ ተመራማሪም ነበር፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን አእዋፍ ከዊልያም ስክሌተር ጋር ሆኖ በሳይንስ መጽሔት ላይ በዝርዝር አሳትሟል። ወደ አገራችን ሲመጣ በዓለም ካርታ ላይ የዓባይ ሸለቆ ትልቅ ክፍል በነጠብጣብ መስመር ብቻ ተሥሎ ማግኘቱ አስገረመው። ነጠብጣቡን ወደ መስመር ለመለወጥ ሸለቆው ውስጥ መጓዝ አይቻልም ነበር፤ ገደሉ አያስኬድም። ስለዚህ ከሸለቆው በላይ ባለው ደጋ እየዞረ፣ በየመውረጃው እየወረደና እየወጣ፣ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል በበቅሎ ተጓዘ። ይህ ትዕግሥት ሊካድ አይገባውም።

ነገር ግን ነጠብጣብ የነበረው በለንደን ካርታ ላይ ነው። በወንዙ ዳርና ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ዓባይ ነጠብጣብ ሆኖ አያውቅም። መሻገሪያው በየትኛው ወር እንደሚከፈት፣ አዞው የት እንደሚበዛ፣ ከቆላው ወባ ለመዳን ከብት በስንት ሰዓት እንደሚነዳ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ቆንስሉ በየመውረጃው የወረደው እነርሱ ባሳዩት መንገድ ነው። በጣና ላይ የተጓዘውም ከደንገል ታንኳ መሥራትን ከአባቶቻቸው በወረሱ ሰዎች ዕውቀት ነው። የፎቶግራፉና የካርታው ደራሲ አንድ ሰው ተደርጎ ተመዘገበ፤ ዕውቀቱ ግን የብዙ ሰው ነበር።

የቋንቋውንም ነገር አስቡት። በዳንግላ ዙሪያ አንድ ጅረት ወይም ኮረብታ ስሙን ያገኘው በአዊኛ ሊሆን ይችላል። ያ ስም በአስተርጓሚ አፍ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ በእንግሊዝኛ ጆሮ ወደ ላቲን ፊደል ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ይጣራል። በካርታው ላይ የቀረው ስም ያን ሁሉ ወንፊት ያለፈው ነው። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ሥር የተጻፈን የቦታ ስም ስናነብ በአፋችን ደግመን ልንጠራውና ባለ አገሩን ልንጠይቀው ይገባል። አዊኛ ተናጋሪ ተማሪዎቻችን በዚህ ሥራ ከማንም የለንደን ሊቅ የተሻለ መሣሪያ በእጃቸው አለ።

አሁን «ለምን?» ብለን እንጠይቅ። ብሪታኒያ በዳንግላ ቆንስል ማስቀመጥ ለምን አስፈለጋት? የጠረፍ ንግድ፣ የባሪያ ፍንገላ ቁጥጥርና የሱዳን ጸጥታ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ትልቁ ጥላ ግን ውኃው ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክ ከብሪታኒያና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ እንደማይሠሩ ተስማምተው ነበር። ብሪታኒያ ለሱዳንና ለግብፅ ጥጥ እርሻ ጣናን እንደ ጎተራ ልታደርገው ትመኝ ነበር።

ቺዝማን በመጣበት በዚያው በ1925 ታኅሣሥ ወር ብሪታኒያና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ብሪታኒያ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ስትጠይቅ ኢጣሊያ ትደግፋለች፤ ኢጣሊያም ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ላይ ለመዘርጋት ስትጠይቅ ብሪታኒያ ትደግፋለች። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በሰኔ 1918 ዓ.ም. ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። አንድ ነጻ አባል አገር ሳታውቅ በገዛ ምድሯ ላይ እንዴት ውል ይደረጋል ብለው ጠየቁ። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንዳልነበራቸው ለማስረዳት ተገደዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ራስ ተፈሪ አንድ ሰው ወደ አሜሪካ ላኩ። ግድቡን ኢትዮጵያ ራሷ፣ በመረጠችው ኩባንያ፣ ታሠራው ዘንድ ከኒው ዮርኩ የጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ሊነጋገሩ የሄዱት እኒያ በመቅደላ የተገኙት ሕፃን፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ፈቃድ ሳይጠየቅ ከአገሩ የተወሰደው ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ስለ ጣና ውኃ የኢትዮጵያን ፈቃድ ይዞ ተጓዘ። የኩባንያው ባለሙያዎች በ1930ዎቹ መጀመሪያ መጥተው ሐይቁን ለኩ፤ ጦርነቱ ግን ከግድቡ ቀደመ።

ስለዚህ በዚያ ዘመን የጣናና የዓባይ ፎቶግራፍ ንጹሕ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሊሆን አይችልም። መሐንዲስ የፏፏቴን ፎቶግራፍ ሲያይ ቁመት ያያል። የሐይቅ መውጫን ሲያይ ስፋትና የድንጋዩን ዓይነት ያያል። በገደል ሥር የቆመ ሰው ለእርሱ ልኬት ነው፤ የገደሉን ከፍታ በሰውየው ቁመት ይገምታል። በፎቶግራፉ ውስጥ አንድ ሰው ስሙ ሳይነገር የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ዘንግ ሆኗል። እኔ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማሳስባቸው፣ ሰው በሚዛንነት የቆመበትን ምስል ስታገኙ መጀመሪያ ሰውየውን፣ ከዚያ ገደሉን እዩ እያልሁ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር «እንግዲያውስ ቆንስሉ ሰላይ ነበር፤ ፎቶግራፉም የስለላ ሥራ ነው» ብሎ መደምደም የሚቀናው አድማጭ ይኖራል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይዘጋም። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ዳንግላም የጠላት ጦር ሰፈረባት። ከአራት ዓመት በኋላ ብሪታኒያ ከኢጣሊያ ጋር ስትዋጋ ቺዝማን በካርቱም ስለ ኢትዮጵያ የሚሰበሰበውን መረጃ የሚያቀናብረው ክፍል ኃላፊ ሆነ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በዳንኤል ሳንድፎርድ የተመራው ተልእኮ ከጎጃም አርበኞች ጋር ለመገናኘት ጠረፉን ተሻገረ። በጥር 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ በሚቀጥለው ወርም ጠላት ዳንግላን ለቅቆ ወጣ። ለውኃ ተብሎ ከዳንግላ የተሰበሰበው የመሻገሪያና የመንገድ ዕውቀት፣ ዳንግላ ነጻ በወጣችበት ዘመቻ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠ።

ከኮሪያው ቤተ መንግሥት ያነሣሁት ነጥብ እዚህ ይመለሳል። ምስልና ካርታ የተሠሩበትን ዓላማ ያልፋሉ። ያነሣውን ሰው ሐሳብ ማወቅ አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ለወራሪ የተዘጋጀ ምስል ቅርስ ለማደስ ሊያገለግል ይችላል፤ ለግድብ የተዘጋጀ ካርታ ለነጻነት ሊውል ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ፎቶግራፎች ንቆ መጣልም፣ በአድናቆት ብቻ መስቀልም ሁለቱም ሥራን ከመሸሽ ይቆጠራሉ። ሥራው ማንበብ ነው።

እንዴት እናንብባቸው? የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በእጃችን ለገባ እያንዳንዱ አሮጌ ፎቶግራፍ አንድ ካርድ እናዘጋጅ፤ ካርዱ ሦስት መስመር ይኑረው፤ ማን ፈቀደ፣ ማን ተነሣ፣ ማን ከፈለ። የመጀመሪያውን መስመር ከቤተ መንግሥትና ከቆንስላ ደብዳቤዎች መሙላት ይቻላል። ሦስተኛውን ከግብርና ከድርጎ ታሪክ መገመት ይቻላል። ሁለተኛው ግን የሚሞላው በሰው አፍ ነው፤ ለዚያም ጊዜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ100 ዓመት በላይ ይሆነዋል። በዓይኑ ያየውን የምንጠይቅበት ጊዜ አልፏል ማለት ይቻላል። የቀሩን ከአያታቸው የሰሙ ናቸው፤ «አባቴ ከቆንስሉ ጋር በቅሎ ነድቷል»፣ «እናቴ ለእንግዳው እንጀራ ጋግራለች» የሚሉ ናቸው። ተማሪዎች ሆይ፣ የፎቶግራፉን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ሰከላ፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ዳንግላ ገበያ ሂዱ። ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች አሳዩ፤ ዝም ብላችሁም አዳምጡ። ፊቱ ባይታወቅ ጋቢው አጣጣሉ ይታወቃል፤ ሰውየው ባይታወቅ ዛፉ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ይታወቃል።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ራሳችን ነው። ዛሬ ካሜራው በእኛ ኪስ ነው። አንድ ዘመን መልእክተኞች በበሩ ላይ ይጠብቁበት የነበረው የምኒልክ ግቢ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድነት ፓርክነት ለሕዝብ ተከፍቷል፤ የፈለገ ዜጋ ገብቶ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። በዓባይ ላይ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይልቅ ዛሬ በብዛት የሚነሣው፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና ኢትዮጵያውያን በገንዘባቸው የሠሩት ግድብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ ሲሰለፉ የካሜራው ብዛት ከፈረሱ ብዛት አይተናነስም።

ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን ሦስቱ ጥያቄዎች አልተሻሩም። የአንድን ፈረሰኛ ምስል አንሥተን ለዓለም ስንልክ ስሙን ጠይቀናልን? የመጣበትን ቀበሌ ጽፈናልን? የፈረሱን ስምስ? በአገራችን ፈረስ ስም አለው፤ ጌታውም በፈረሱ ስም ይጠራል። የግድቡን ግዙፍነት ለማሳየት በግድግዳው ሥር ያቆምነውን ሠራተኛ ስሙን ሳንጽፍ ካለፍን እኛም እንደ ዘንግ አቁመነዋል። በባዕድ ቆንስል ላይ የምናነሣው ወቀሳ ክብደት የሚኖረው እኛ የተሻለ ስንሠራ ብቻ ነው።

ለዚህ ደግሞ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ሰላምታ፣ ከሰላምታ በኋላ ጥያቄ፣ ከጥያቄው በኋላ ስም መጻፍ ይበቃል። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚህ አዳራሽ የሚቆም የታሪክ ሰው የእኛን ፎቶግራፎች ሲያነሣ ሁለተኛው መስመር ተሞልቶ ያግኘው።